«የክፍል ሙቀት» የማን ክፍል? ድሬዳዋ ላይ 14 ወር የፈጀችብን ክሪስታል

ክሪስታሏ ርዝመቷ 0.3 ሚሊሜትር ነበር። ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች። ቀለሟ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩአት ጠርዞቿ በምላጭ የተቆረጡ ይመስላሉ። እሷን ለማግኘት እኔና አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ ከጥቅምት 2014 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ለፋን። 14 ወር ማለት ነው። በመካከሉ ሦስት ጊዜ ወደቅን። የመጀመሪያው ውድቀት ሙሉ በሙሉ የእኔ ጥፋት ነበር።

ታሪኩን ከነስህተቱ ልጽፈው ብዬ ነው የተነሳሁት። ኬሚስትሪ ለምታስተምሩም ለምትማሩም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። በተለይ እንደ እኛ ሞቃት ከተማ ላይ ሆናችሁ፣ ከመጽሐፍ የወሰዳችሁት አሠራር ደጋግሞ እምቢ ሲላችሁ «እኔ ነኝ የማልችለው» ብላችሁ ለመተው ለተቃረባችሁ። ችግሩ እናንተ ላይ ላይሆን ይችላል።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ከቀፊራ ገበያ ብዙም ሳልርቅ ነው። ወደ ክሪስታል የመራኝም ጨው ነው። ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ የኬሚስትሪ መምህራችን ያልተፈጨ ጨው ከገበያ ገዝቶ መጣና በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አሳየን። ትንንሽ ኩቦች። ሰባብሮ እንደገና አሳየን። አሁንም ኩቦች። «ስትሰብሩት ለምንድነው እንደገና ባለ አራት ማዕዘን የሚሆነው?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰም። እሱም አልነገረንም፣ ደወል ተደወለ።

መልሱን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ሙኒክ ውስጥ ማክስ ፎን ላውወ ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ቢያልፍ ምን ይሆናል የሚል ሐሳብ አመጣ፤ ፍሪድሪክና ክኒፒንግ የሚባሉ ሁለት ባልደረቦቹ ደግሞ ሞከሩት። የተጠቀሙት ሰማያዊ የኮፐር ሰልፌት ክሪስታል ነበር። ፊልሙ ላይ በሥርዓት የተደረደሩ ነጥቦች ወጡ። በዓመቱ ዊልያም ብራግና ልጁ ሎረንስ ከእነዚህ ነጥቦች ተነስተው የጨውን ውስጥ አነበቡት። ሶዲየሙ በስድስት ክሎሪን ተከቧል፣ ክሎሪኑም በስድስት ሶዲየም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 2.82 አንግስትሮም ነው። አንድ አንግስትሮም የአንድ ሴንቲሜትር መቶ ሚሊዮንኛ ነው። እንግዲህ ጨው ኩብ እየሆነ የሚሰበረው ውስጡም እንደዚያው ስለተደረደረ ነው። ሎረንስ በ1915 ከአባቱ ጋር ኖቤል ሲሸለም ገና 25 ዓመቱ ነበር።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ጨው ውስጥ «አንድ ሶዲየም ከአንድ ክሎሪን ጋር የተጣመረበት» የሚባል ጥንድ የለም። ያንን በደብተሬ ስጽፍ ነው የኖርኩት። በጊዜው አንጋፋ ኬሚስቶችም ይህን መቀበል ከብዷቸው ነበር። ሄንሪ አርምስትሮንግ የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት 14 ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ፣ በ1927፣ ይህን የቼዝ ሰሌዳ የመሰለ ድርድር በቁጣ ተቃውሞ ጽፏል። ሰውየውን አልፈርድበትም። ዕድሜህን ሙሉ ያስተማርከውን ነገር አንድ ፎቶ ሲያፈርሰው ቀላል አይደለም። በዚህ ጉዳይም ትንሽ ቀምሼዋለሁ።

አሠራሩን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በሻሽ ነው። ማታ ስስ ሻሽ ወይም የጃንጥላ ጨርቅ ፊታችሁ ላይ ዘርጉና ከሩቅ ያለች አንዲት መብራት በእሱ ውስጥ እዩ። መብራቷ ብቻዋን አትታይም፣ በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ ትንንሽ ብርሃኖች ይከቧታል። ክሩ ይበልጥ በቀጠነና በተጠጋጋ ቁጥር ብርሃኖቹ እርስ በርስ ይራራቃሉ። ስለዚህ ክሩን ሳታዩ፣ ብርሃኖቹን ብቻ ለክታችሁ በክሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ማወቅ ትችላላችሁ። ክሪስታል የአቶም ሻሽ ነው። አቶሞቹ በጣም ስለተቀራረቡ ተራ ብርሃን አይሆንም፣ እጅግ አጭር ሞገድ ያስፈልጋል። ኤክስሬይ የገባው ለዚህ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ከሞሊብዲነም የሚወጣው ጨረር ሞገዱ 0.71 አንግስትሮም ነው።

አንድ ችግር አለ። የኤክስሬይ ማሽኑ የሚለካው የነጥቦቹን ድምቀት ብቻ ነው። ሞገዶቹ የትኛው ቀድሞ የትኛው ዘግይቶ እንደደረሰ አይመዘገብም፣ ያ መረጃ ይጠፋል። ያለ እሱ ደግሞ አቶሞቹ የት እንዳሉ በቀጥታ ማስላት አይቻልም። ሃውፕትማንና ካርል የጠፋውን ከድምቀቱ በሒሳብ መገመት እንደሚቻል አሳይተው በ1985 ኖቤል ተሸለሙበት። ዛሬ ይህንን ሥራ በላፕቶፕ ላይ ያለ ፕሮግራም በደቂቃዎች ይሠራዋል። ድሮ ግን ዕድሜ ይበላ ነበር። ዶረቲ ሆጅኪን የኢንሱሊንን የመጀመሪያ የኤክስሬይ ፎቶ ያነሳችው በ1935 ሲሆን አወቃቀሩን የጨረሰችው በ1969 ነው። 34 ዓመት! በመካከሉ ፔኒሲሊንንና ቫይታሚን ቢ12ን ፈትታ፣ በ1964 ኖቤል ወስዳ፣ ተመልሳ ኢንሱሊኗ ላይ ነበረች።

ዶክትሬቴን አውሮፓ ሠራሁ። እዚያ ማሽኑ ከቢሮዬ ሁለት ፎቅ በታች ነበር። ጠዋት ክሪስታል መርጬ በቀጭን መርፌ ጫፍ ላይ እለጥፋለሁ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን 173 ዲግሪ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ አየር ይነፋበታል፣ በማግስቱ ዳታው ይደርሳል። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ማሽኑ ነው ሥራውን የሚሠራው ብዬ አስብ ነበር። ክሪስታል ማብቀል የሚባለውን የላብራቶሪው ሠራተኞች በልምዳቸው ስለሚያቀሉት ክብደቱ አልገባኝም። ተምሬ ስመለስና ድሬ ላይ ማስተማር ስጀምር ማሽን የለም። የክሪስታል ማሽን የሌለው ክሪስታሎግራፈር፣ የክሪስታልን ውስጥ የሚያጠና ሰው፣ ምን ይሠራል? ለሁለት ዓመት ያህል ሌክቸር ብቻ ሰጠሁ። ከፋኝ። በኋላ ውጭ ያለ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ «ክሪስታሉን ላክልኝ፣ እኔ እለካልሃለሁ፣ ዳታውን አንተ ትፈታለህ» አለኝ። ይህ ጉዳይ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ተማሪዬ የሐረር ልጅ ናት። ሥራዋ ከአንድ የሳሊሲላልዲሃይድ ዘመድ እና ከአሚኖፌኖል ብርቱካናማ ሊጋንድ፣ ማለትም ብረትን የሚይዝ ሞለኪውል፣ ሠርቶ ከመዳብ ጋር ማጣመር፣ ከዚያ ባክቴሪያ ላይ መሞከር ነበር። መዳቡን የምታገኘው ኮፐር አሲቴት ከሚባል የመዳብ ጨው ነው። ጥቁር አረንጓዴ ዱቄት ወጣላት። የኢንፍራሬድ ምርመራው ውጤት መዳቡ ከሊጋንዱ ጋር መያያዙን ይናገራል። እንዴት እንደተያያዘ ግን አይናገርም። ሁለት አማራጭ ነበረን። ወይ አንድ መዳብ ከአንድ ሊጋንድ ጋር ለብቻው ይቀመጣል፣ ወይ ሁለት መዳቦች በኦክስጅን ድልድይ ተጣምረው ጥንድ ይሆናሉ። ይህንን የሚለየው ኤክስሬይ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን እየሮጠች ቢሮዬ መጣች። «ዶክተር፣ ይምጡና ይዩት!» ሄድኩ። ብልቃጡ ታች አረንጓዴ፣ ጠርዛቸው የተሳለ፣ የሚያብረቀርቁ ክሪስታሎች። በጣም ያምራሉ። እኔም ከእሷ እኩል ተደሰትኩ፣ በዚያው ሳምንት አስላክኩ። ባልደረባዬ ማሽኑ ላይ ከጫናት በኋላ መልስ ለመስጠት አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። መጀመሪያ የሚደረገው የክሪስታሉን ተደጋጋሚ ሣጥን፣ ማለትም የሦስት ጎኖቹን ርዝመትና ማዕዘኖቹን መለካትና ከተመዘገቡት ጋር ማመሳከር ነው። የእኛ ሣጥን ተመዝግቦ ተገኘ። ኮፐር አሲቴት። ማለትም እሷ ሥራ የጀመረችበት፣ ከጠርሙስ የቀዳችው ጨው። አወቃቀሩ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ሁለት መዳቦች ፊት ለፊት ሆነው አራት አሲቴቶች እንደ መቅዘፊያ ጎማ ዙሪያቸውን ይይዟቸዋል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር ያልኩት ይህንን ነው። እሷ መዳቡን ትንሽ አብዝታ ጨምራለች፣ የተረፈው ደግሞ ከእኛ ውህድ ቀድሞ ክሪስታል ሆነ። ይህ በጀማሪ ይደርሳል። እኔ ግን ጀማሪ አልነበርኩም። ከመላኬ በፊት አንዲት ክሪስታል ውሃ ጠብታ ውስጥ ብጥል ኖሮ ይበቃ ነበር። ኮፐር አሲቴት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ የእኛ ውህድ አይሟሟም። የአምስት ደቂቃ ሥራ። ስላማረ ብቻ የፈለግሁት ነው ብዬ አመንኩ። ይህንን ለእሷም በግልጽ ነገርኳት፣ ምክንያቱም ዜናውን ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ስትል ነበር።

ከዚያ ዋናው ጣጣ መጣ።

መዳቡን በልኩ አድርጋ ደግማ ሠራች፣ ዱቄቱን በውሃ አጠበች፣ አሁን ንጹሕ ነው። ክሪስታል ለማብቀል የመረጥነው እኔ ውጭ እያለሁ ሺህ ጊዜ የሠራሁትን መንገድ ነው። ውህዱ ዳይክሎሮሜቴን በሚባል ፈሳሽ ይሟሟል፤ ብልቃጡ ክዳኑ ሳይከደን ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማሰሮው ታች ዳይኢታይል ኢተር የሚባል ሌላ ፈሳሽ ይደረግና ማሰሮው ይታሸጋል። የኢተሩ ተን ቀስ እያለ ብልቃጡ ውስጥ ይገባል። ኢተር ውህዱን ስለማያሟሟ፣ ውህዱ ቀስ በቀስ ቦታ እያጣ ክሪስታል ይሆናል። አሠራሩን የሚገልጸው ወረቀት መጨረሻው ላይ «በክፍል ሙቀት ለአንድ ሳምንት ይተውት» ይላል።

ተውነው። በማግስቱ ጭቃ የመሰለ ዱቄት። ደገምነው፣ ዱቄት። መጠኑን ቀነስን፣ ዱቄት። ከጥር እስከ መጋቢት ከሃያ በላይ ብልቃጥ ሞከርን፣ ሁሉም ዱቄት። አንዳንዴ ጠዋት ስንመጣ የማሰሮው ክዳን ተነስቶ ኢተሩ ጠፍቶ እናገኛለን። አንድ ሰው በሌሊት ከፈተው ብለን ጥበቃዎቹን ሁሉ ጠይቀናል።

ያነቃን የእሷ ደብተር ነው። ልጅቱ ሁሉን የምትጽፍ ናት። መጋቢት ላይ ቴርሞሜትር ከብልቃጦቹ አጠገብ አስቀምጣ በየሰዓቱ መመዝገብ ጀመረች። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 33 ዲግሪ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ 24። ገጹን ሳየው ለደቂቃ ያህል ዝም አልኩ። ዳይኢታይል ኢተር የሚፈላው በ34.6 ዲግሪ ነው። ያውም በባሕር ጠለል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ስለዚህ ኢተር እዚህ የሚፈላው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። በቃ፣ የእኛ ኢተር ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ይፈላ ነበር። ተኑ ቀስ ብሎ አይገባም፣ ክዳኑን እየገፋ በአንዴ ይጎርፋል፣ ውህዱ ደግሞ ለመደርደር ጊዜ ሳያገኝ ይከመራል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ የወጣው ቀን ሲሞቅ መልሶ በከፊል ይሟሟል። ያንን ወረቀት የጻፉት ሰዎች ክፍላቸው 20 ዲግሪ ነው። «የክፍል ሙቀት» ሲሉ የእነሱን ክፍል ነው። እኔም በአእምሮዬ የምሠራው ገና እዚያ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነበር፣ ድሬ ተወልጄ አድጌ ሙቀቷን እንደ ኬሚስት አስቤው አላውቅም።

ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት የሚል ሰው አይጠፋም። አትሞክሩት። ኢተር ተራ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ተኑ ይጠራቀምና፣ የሙቀት መቆጣጠሪያው የሚያወጣት ትንሽ ብልጭታ ልታፈነዳው ትችላለች። ሰው ተጎድቶበታል። በዚያ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ይሞቃል፣ ሲመጣ ይቀዘቅዛል፣ ለክሪስታል ከዚህ የከፋ የለም።

ግምታችን ትክክል መሆኑን ግን ማረጋገጥ ነበረብን። እዚህ ላይ ሐሳቡ የተማሪዬ ነው። «ሐረር ብንወስደውስ?» አለች። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት፣ ግን 1,885 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ሌላ ነው። የደንገጎን ዳገት የወጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ ድሬ ሸሚዝህ ላብ ጠጥቶ ተነስተህ ላይ ስትደርስ መስኮት ትዘጋለህ። ኢተሩን ትተን፣ ውህዱን በዳይክሎሮሜቴንና በሜታኖል አሟሟነው፤ ግማሹን ድሬ አስቀርተን ግማሹን ሐረር ያለ አንድ ባልደረባ ላብራቶሪ ውስጥ አስቀመጥነው። ያው የተሟሟ ፈሳሽ ነው፣ ያው እጅ፣ ያው ቀን፤ ከተማው ብቻ ተለየ። በ12ኛው ቀን የድሬው ዱቄት ሆኗል። የሐረሩ ብልቃጥ ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ መርፌዎች በቅለዋል። ስልኩን ስታነሳ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። እስከ ዛሬ ክፍል ውስጥ ሙከራ ምን እንደሆነ ሳስተምር የማነሳው ያንን ነው።

እና አለቀ? አላለቀም። መርፌዎቹን አጥልለን፣ አድርቀን፣ በትንሽ ጠርሙስ አሽገን ላክን። ባልደረባዬ የላከልኝ ፎቶ ላይ ያለው ቀለም ያለው አቧራ ነው። ክሪስታሉ ሲያድግ የዳይክሎሮሜቴን ሞለኪውሎች በመካከሉ ቦታ ይዘው ነበር። እንደ ግድግዳ ጡብ አስቡት፤ እነሱ በመንገድ ላይ ተንነው ሲወጡ ግድግዳው ፈረሰ። ዳይክሎሮሜቴን በ40 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ነገር ነው፣ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አይቆይም። ከነፈሳሹ እንዳንልከው ደግሞ የፖስታ ድርጅቶች እንዲህ ያለ ፈሳሽ አይቀበሉም፣ ልክም ናቸው።

ግንቦት መጣ። ድሬን በግንቦት የሚያውቃት ያውቃታል። እሷ ልትተወው ተቃርባ ነበር፤ ያለ ኤክስሬይም መመረቅ ትችላለች፣ ብዙዎች እንደዚያ ነው የሚመረቁት። እኔም አላስገድዳትም። አንድ ሳምንት ቆይታ መጣችና «ሐረርን ከምንለምን ለድሬ የሚሆን ሶልቨንት (ማሟሟያ ፈሳሽ) እንፈልግ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር ከሙቀቱ ተነስተን አሰብነው። ቶሎ የሚተን ነገር በሙሉ ወጣ። ውህዱን ዲኤምኤፍ (ዳይሜቲልፎርማማይድ) በሚባል ፈሳሽ ውስጥ አሟሟነው፣ እሱ የሚፈላው በ153 ዲግሪ ነው። በኢተር ፋንታ ማሰሮው ታች አይሶፕሮፓኖል አደረግን፣ በ82 ዲግሪ የሚፈላ። አይሶፕሮፓኖል አውሮፓ ክፍል ውስጥ ለዚህ ሥራ ሰነፍ ነው ይባላል። በእኛ 33 ዲግሪ ግን ፍጥነቱ ልክ የምንፈልገው ሆነ። ሙቀቱ እስካሁን ያሰቃየን ነገር፣ እዚህ ላይ ሠራልን።

የቀረው የቀንና የሌሊቱ መለዋወጥ ነው። ይህንን የፈቱልን የላብራቶሪ ቴክኒሻናችን ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ለጡረታ የተቃረቡ ሰው። ብልቃጥ ይዘን ስንንከራተት ለወራት ሲያዩን ቆይተው አንድ ቀን «አቦ፣ እናንተ ውሃ በምን እንደሚቀዘቅዝ ረስታችሁ ነው?» አሉ። በማግስቱ አንድ ጋን አስመጡ። ታቹን አሸዋ ሞሉት፣ አሸዋውን በውሃ አራሱት፣ ማሰሮዎቻችንን አሸዋው ውስጥ ቀበሩና ጋኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለሉት። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ከጆንያው እየተነነ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቴርሞሜትሩን ስንከት ውጭው 34፣ ውስጡ 26። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ እርጥቡ አሸዋ ከባድ ስለሆነ ቶሎ አይሞቅም ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ሌሊትና ቀን ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ብቻ ሆነ። መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም። ጋሼ በየጠዋቱ ጆንያውን ያረጥቡ ነበር፣ ቅዳሜና እሑድ ጭምር። በወረቀታችን የምስጋና ክፍል ስማቸው ሙሉ ተጽፏል።

አምስት ሳምንት አልነካነውም። መክፈት ያጓጓል፣ ግን ክሪስታል ሲነካ ይበላሻል። ስንከፍተው ከስድስቱ ብልቃጥ አራቱ ውስጥ ክሪስታል ነበር። መርፌ አይደለም፣ ወፍራም፣ ጠፍጣፋ፣ ጡብ መሳይ። አሁን ተምረናል። መጀመሪያ የውሃ ጠብታ፤ አልሟሟም። ቀጥሎ ማይክሮስኮፕ ሥር በሁለት ፖላራይዘር (የብርሃን ማጣሪያ) መካከል ማዞር፤ አንድ ወጥ ክሪስታል ከሆነ ሲዞር ሁሉም አካሉ አንድ ላይ ይጨልማል፣ አንድ ላይ ይበራል። ተጣብቀው ያደጉ ከሆኑ ግማሹ ሲጨልም ግማሹ ይበራል። ከሠላሳ ያህል አምስት መረጥን። ባልደረባዬ ቀድሞ በላከልን ወፍራም ዘይት ውስጥ ነከርናቸውና አሸግን። ዘይቱ አየር አያስገባም፣ ውስጡ ያለውንም አያስወጣም፣ የሚቀጣጠል ፈሳሽም ስላልሆነ ችግር የለውም።

ዳታው የደረሰን ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። እሷ እንድትፈታው ፈልጌ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። የምንጠቀመው ጆርጅ ሼልድሪክ የሠራውን ሼልክስ የሚባል ፕሮግራም ነው፣ ለዩኒቨርሲቲ ሰው በነፃ ይገኛል። ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ሁለት ትልልቅ ነጥቦች ወጡ። መዳብ ብዙ ኤሌክትሮን ስላለው ቀድሞ ይታያል። ሁለት! በመካከላቸው 3 አንግስትሮም ገደማ፣ ሁለት ኦክስጅኖች ደግሞ ከግራና ከቀኝ አገናኝተዋቸዋል። ጥንድ ነው ማለት ነው። እኔ ለአንድ ዓመት ሙሉ ብቸኛ ነው ብዬ ስከራከራት ነበር፣ እሷ ጥንድ ነው ትል ነበር። ዞር ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችም።

ቀሪው ሥራ ሁለት ወር ወሰደ። የዲኤምኤፍ ሞለኪውል በጥንዶቹ መካከል ተቀምጧል፣ ግን በአንድ ቦታ አይረጋም። በአንዳንዱ ሣጥን ውስጥ እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ ዞሯል፤ ስድሳ በመቶው በአንደኛው፣ አርባው በሁለተኛው አቀማመጥ። ይህንን በትክክል መግለጽ አድካሚ ነው። አውልቆ የሚጥል የሒሳብ ዘዴም አለ፣ ያንን ብንጠቀም ቁጥሩ ያምራል። እሷ እምቢ አለች። «ካለ አለ ነው የምንለው» አለች። በመጨረሻ በሞዴላችንና በተለካው መካከል ያለው ልዩነት 4.1 በመቶ ላይ ቆመ፣ ለእንዲህ ዓይነት ክሪስታል ጥሩ ነው። ፋይሉን ወደ ካምብሪጁ የክሪስታል መረጃ ቋት ላክነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚሰበሰብ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ሚሊዮን አወቃቀር ደርሷል። የእኛም ቁጥር ተሰጠው። ቁጥሩን በስልኳ ፎቶ አንስታ ሐረር ለእናቷ ላከች።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ቴሲሱ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ባክቴሪያው ላይ የተሞከረውን የመጀመሪያ ዱቄት የኤክስሬይ ውጤት ከክሪስታሉ ጋር አስተያየችው። አይገጥምም። ዱቄቱ ውስጥ ዲኤምኤፍ የለም፣ አደራደሩም ሌላ ነው። ጥንዱ ራሱ ሳይኖርበት አይቀርም፣ ግን ያንን አላየንም። ረቂቁ ላይ «ባክቴሪያውን የገታው ውህድ አወቃቀር ተወስኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ሰረዘችው። በቦታው «አወቃቀሩ የተወሰነው ከዲኤምኤፍ ላደገው ክሪስታል ነው፤ ለባክቴሪያ ሙከራ የዋለው ዱቄት አደራደሩ ከዚህ የተለየ ነው» ብላ ጻፈች። ፈታኞቹ በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ለግማሽ ሰዓት ጠየቋት። ሁሉንም መለሰች።

ጋኑ አሁንም ላብራቶሪ ውስጥ አለ። ዘንድሮ ሦስት ተማሪዎች እየተጠቀሙበት ነው፣ ጆንያውን ተራ ገብተው ያረጥባሉ።